ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

እኛ ሰዎች ውድ ዕቃ ቤታችን ሲገባ አንጠቀምበትም፤ እናከብረዋለን። እስቲ ቡፌዎን ይክፈቱት፤ ለእንግዳ ያስቀመጡት ብርጭቆ ስንት ፋሲካ አለፈው? የሶፋው ላስቲክስ ተነሣ? አይቆጡ፣ የእኔም አልተነሣም። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እየተባልን አድገን፣ እንዳይቀደድ ጨርሶ አለመያዝን መረጥን።

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን ፖሊስ ጣቢያ ኮምፒዩተር የገባ ዕለት በግ ታርዷል። የየከተማው ፖሊስ መረጃ ይለዋወጥበታል ተባለ፤ የጠፋ በሬም ይሁን ሰው፣ ማጂ የተገኘውን እዚህ ሆነን እናውቃለን። አጨበጨብን። ጎረቤቴ እማማ አስካለ «እንዲህ ያለ ዕቃ ዕርቃኑን አይቀመጥም» ብለው፣ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አለበሱት። አዛዡ ኮማንደር ደስ አላቸው። መብራት ሲቆራረጥ እንዳይቃጠል በማለትም፣ ከዞን እንግዳ ካልመጣ በቀር አያስከፍቱትም ነበር።

የእማማ አስካለ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። እርጅና ሲጫናቸው መርሳት ጀመሩ፤ አንድ ማለዳ ጸበል ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ። ፎቷቸውን በየአውቶቡሱ ለጠፍን፣ ቤተ ክርስቲያን አስነገርን። እማማ አስካለ በየጠዋቱ ጣቢያ ይመላለሳሉ።

«ልጄ፣ ዛሬም ወሬ የለም?»

«የለም እማማ።»

«ይሄስ ምን ይላል?» ዳንቴሉን እያዩ።

«እሱማ መልእክት ካለው ራሱ ይጠራል» ይላሉ ኮማንደሩ፣ ከልባቸው። ስልክ መስሏቸዋል። እኛም መስሎን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከዞን ጎብኚዎች መጡ። ዳንቴሉ ተነሣ፣ ማሽኑ ተከፈተ፣ ከማጂ ከተላከ የቆየ መልእክት ተቀምጦ ተገኘ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተገኝተዋል፤ ስማቸውን አያውቁም፤ «አስካለ ትምጣ» ብቻ ይላሉ።

እየበረርን ማጂ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ቤታቸው ያስጠጓቸው ባለሱቅ «እስከ መጨረሻው በር በሩን ያዩ ነበር» አሉን። ይህን ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር። በመጣንበት መኪና ተመለስን።

ለቅሶው ላይ ኮማንደሩ መጡ። ዳንቴሉን አሳጥበውና አስተኩሰው ይዘው ነበር። እማማ አስካለ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«መልእክቱ እዚህ ሥር ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔው ነኛ የሸፈንኩት።»

ኮማንደሩ አንገታቸውን ደፉ እንጂ «እርስዎ አይደሉም» አላሉም። በአገራችን ጥፋት ባለቤት አያገኝም እያልን ስናማ እንኖራለን፤ ያን ቀን አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት «የእኔ ነው» ብለው ሲወስዱት፣ ካለነው ሁሉ የከለከላቸው አልተገኘም።