የጓሮው ሺህ እግር ማንነትና መኖሪያ

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 04/2014። ግንቦት 9 ቀን፣ ጅግጅጋ፣ የመሥሪያ ቤቱ ትንሹ አዳራሽ። ለ2፡30 ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. አቶ ጁነይድ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ፉአድ፣ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ
3. ወ/ሮ ንጋቷ፣ አትክልተኛ
4. ስንዝር የሚያህል ጥቁር ሺህ እግር፣ መስኮቱ ደፍ ላይ በተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ

ጸሐፊ፦ ቀለምወርቅ (ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው)

ከሰባት አባላት አራት ካልተገኙ ጉባኤው አይሞላም። ሰብሳቢው "ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ የለም እንዴ?" በማለታቸው ተራ ቁጥር 4 ተመዝግቦ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊው ተቃውሟል፤ ሰሚ አላገኘም።

አጀንዳ 1፦ ማንነት

ሺህ እግሩ የተገኘው ከጓሮው ዛፎች ሥር ነው። የደን ፍጥረት መሆኑ ከተረጋገጠ ቦታው ደን ተብሎ ይመዘገባል። ካልሆነ ዛፎቹ ነገ ተቆርጠው የመኪና ማቆሚያ ይሆናሉ። አቶ ፉአድ እግሮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ሲቆጥሩ 94 ላይ ስልካቸው ስለጠራ እንደገና ጀምረዋል። ውጤቱ 212 ነው። "ሺህ ሳይሞላ ሺህ እግር ነው ብለን ብንፈርም ነገ ማን ይጠየቃል?" ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ስለጎደሉት 788 እግሮች ማብራሪያ እንዲጠየቅ ተወስኗል። ከማን እንደሚጠየቅ አልተወሰነም።

አጀንዳ 2፦ መኖሪያ

ወ/ሮ ንጋቷ፣ ችግኞቹን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከነጫካ አፈራቸው ከሐረር በኩል እንዳስመጧቸው፣ የሚጠጡትም ሠራተኛው ውዱእ ሲያደርግ የሚፈሰውን ውሃ መሆኑን አስረድተዋል። "አቶ ጁነይድ፣ እርስዎ እየታጠቡ፣ እኔ ቦይ እየመለስኩ ነው ያሳደግናቸው" ብለዋል። ሰብሳቢው ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ ተመልክተዋል። አቶ ፉአድ በበኩላቸው መኖሪያውን አጥርቶ ለማየት ዛፎቹ ስለሚጋርዱ፣ መጀመሪያ ተቆርጠው ጥናቱ ከዚያ እንዲቀጥል ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው "ሀዬ፣ እሺ፣ ከላይም የሚጠበቀው ይኸው ነው" ብለዋል። በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ተራ ቁጥር 4 ተጠቅልሎ ነበር) ጸድቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

አራት አባላት ያልፈረሙበት ውሳኔ አይጸናም። ሊፈረም ሲል ብርጭቆው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድሞ፣ ተራ ቁጥር 4 ወደ ዛፎቹ ሲወርድ ታይቷል። ብርጭቆውን በክርናቸው የገፉት ሰብሳቢው ናቸው፤ ይህ እንዳይመዘገብ አዘዋል። አቶ ፉአድ "ቢኖርስ በየትኛው እግሩ ሊፈርም ነበር?" ቢሉም ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ተብሏል። ስለሆነም ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ አራተኛው ፈራሚ በገዛ ፈቃዱ እስኪመለስም ዛፎቹ እንዳይነኩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው 6፡20 ላይ የዙህር አዛን ሲሰማ ተበትኗል። ሰብሳቢው ለውዱእ ሲወጡ ቧንቧውን ከወትሮው አብዝተው ከፍተውታል።