እንግሊዞች ያላዩት ፈረስ

ቆዩኝ፣ ሳቄን ልጨርስ። የሚያስቀው መካከሉ ነው፤ ዋናው ግን መጨረሻው ላይ ስለሆነ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

ሰው መቼም ለሁሉ ነገር ስም ያወጣል። የእህቴ ልጅ ትርንጎ ዳንግላ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ልትጠይቀኝ እንጅባራ ስትመጣ ከዳቦው ጋር አንድ ቃል ሳትይዝልኝ አትመጣም። ባለፈው ያመጣችልኝ «ዳርክ ሆርስ» የሚል ነው፤ ጥቁር ፈረስ እንደ ማለት። እንግሊዞች ማንም ከቁጥር ያላስገባው ሰው ድንገት ብቅ ብሎ ሁሉን ሲቀድም እንዲህ ይሉታል አሉ፤ በኳስም፣ በምርጫም፣ በፈተናም። ሰው ፈረስ መባሉ አልከፋኝም፤ እኛ ዘንድ ሹመት ነው። ግን ማንም የማያውቀው ፈረስ የት አገር ይገኛል? እዚህ ፈረስ ሳይወለድ እናቱ ትታወቃለች፤ አያቱ ማንን ጥሎ እንደሄደ ይተረካል።

«ልጄ፣ እንግሊዞች ጎረቤት የላቸውም እንዴ?» አልኋት።

«እስቲ ጎረቤትዎን ጌታሁንን ያስቡት፣ አክስቴ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጌታሁን ባለጋሪ ነው፤ ግንባረ ነጭ በሆነው ፈረሱ በቦራ ድንችም ሰውም ያመላልሳል። አባቱ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ፤ በፈረሳቸው ስም አባ ዳማ ተብለው ኖሩ፣ አባ ዳማ ተብለው ተቀበሩ። እሱን ግን አገሩ ሁሉ «ባለጋሪው» ነው የሚለው። ይህን ስም ከላዩ ሊያራግፍ በጥር ወር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ቦራን ይዞ ወጣ። የፈረሰኞቹ ሽማግሌ አያ በላይ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ጋሪውን የት ጣልኸው?» አሉት። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጌታሁን ቦራን ከሰልፉ አስገባ።

ፈረሶቹ ተለቀቁ። ለካ ቦራ ጋሪው ሲወርድለት ንፋስ ኖሯል። ሁሉን ጥሎ ወጣ። ሕዝቡ ብድግ አለ፤ እልል እያልን እጃችንን ወደ ሰማይ አነሣን።

ቦራ ቆመ።

ምን ያድርግ፤ ዕድሜውን ሙሉ መንገደኛ እጁን ሲያነሣለት እየቆመ ሰው ሲጭን የኖረ ነው። ይህን ሁሉ ተሳፋሪ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ጆሮውን ወዲያ ወዲህ ያዞራል። ሌሎቹ እየጋለቡ አለፉት። ጌታሁን ከቦራ አንገት ላይ ተደፋ።

ነገሩ ቀድሞ የገባቸው አያ በላይ ናቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። አጠገባቸው ያለው አወረደ፤ ከእሱም ቀጥሎ ያለው። በለቅሶ ቤት እንኳ ዝም የማይል ሕዝብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ዛፍ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የቦራ ቃጭል ብቻ። ቦራ ተሳፋሪ እንደሌለ ሲያውቅ ተፈተለከ፤ ከፊተኞቹም ደረሰባቸው። አልቀደመም።

መጨረሻውን ስነግራት ትርንጎ «ካልቀደመማ ቃሉ አይሆነውም» ብላ አዘነች። ለእንግሊዞቹ አይሆናቸው ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ጌታሁን እንደ ወትሮው በጋሪው በደጄ ሲያልፍ አያ በላይ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሡ። ቦራ ቆመ። ሽማግሌው ወጥተው ተደላድለው ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«አባ ቦራ፣ ገበያ ድረስ አድርሰኝ።»