ቬልቬት የለበሰው ኮምፒውተር

እኛ ጅማዎች የወደድነውን ዕቃ ራቁቱን ማየት አንችልም። ሐሜት ነው እንዳትሉኝ፤ እስኪ ቀና በሉና የራሳችሁን ሳሎን እዩት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ደርቧል። ፍሪጁ አናቱ ላይ ጥልፍ ጣል አድርጓል። ሪሞቱማ ከመጣበት ላስቲክ ሳይወጣ አርጅቷል፤ ቁጥሩ ስለማይታይ በዳበሳ ነው የምንነካው። አንድ ጎረቤቴ የጋዝ ሲሊንደሩን ቀሚስ አልብሶታል፣ ያውም ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው። እንግዳ ሲገባ ቅድሚያ ሲሊንደሩን ሰላም ሊል ይቃጣዋል። የኛ ፍቅር ጨርቅ ነው፣ ምን ልበላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ኮምፒውተር ሆድ ነው። ምነው ሳቃችሁ? እርግጥ ነው የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል በር ጠባብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያኔም ወፍራም ነኝ። ቢሆንም የኮምፒውተር ሆድ አይቻለሁ፣ በእጄም ነክቻለሁ። ያሳየችኝ የእህቴ ልጅ ሰሚራ ናት። ስሟን ስጠራ የሸሚዜ ቁልፍ እንደሚወጠር እዩልኝማ!

ሰሚራ እዚሁ ጅማ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራ ከገበያው በላይ ቪዲዮ ቤት ከፍታለች። ሸቤ ሰርግ ካለ እሷ፣ ደዶ ኒካህ ካለ እሷ፣ ሰኮሩ ላይ ሙሽራ ከተነሳች ካሜራዋን ይዛ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። የዚህ ሁሉ አገር ጭፈራ ታዲያ የት ይቀመጣል? ሃርድ ዲስክ የሚሉት የልብስ ሳሙና የሚያህል ብረት አለ፣ እሱ ውስጥ ነው። ውስጡ እንደ ሳህን ያለ ነገር ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ደግሞ ይሞቃል። እኔም ሰርግ ቤት እንዲሁ ነኝ።

እናቷ ዘይነባ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ የነካው ጨርቅ ይናገራል። ሱቁ የተከፈተ ቀን ለልጇ ምን ይዛ መጣች መሰላችሁ? ለኮምፒውተሩ ሣጥን ልብስ! ቀይ ቬልቬት፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ግንባሩ ላይ «ማሻአላህ» ተብሎ የተጠለፈበት። እስከ እግሩ ድረስ ይሸፍነዋል። «እንጀራ የሚያበላ ዕቃ በሰው ዓይን ፊት ራቁቱን አይቀመጥም» አለች። ሰሚራ ምን ትበል? እናት ያለበሰችውን ማን ያወልቃል? ዘይነባ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ብቅ እያለች ዘርፉን ታስተካክላለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ልጅቷም ተማረች፣ ኮምፒውተሩም ተጠመጠመ።

አባ ዝናብን አታውቁትም። የሰኮሩ ቡና ገበሬ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፤ በዚህ ምድር ላይ በነገር የሚያሸንፈኝ ብቸኛ ሰው ነበር። ልጁን ፈቲያን ሲድር የቀረጸችው ሰሚራ ናት። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አባ ዝናብ ታሞ ሄደ፣ አላህ ይርሀመው። እና አንድ ቀን ፈቲያ ሱቁ መጣች። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ፣ ሙሉውን ቪዲዮ እንደማትፈልግ፣ የአባቷን የምርቃት ዱዓ ብቻ እንደምትፈልግ ለሰሚራ ነገረቻት።

«ያኔ እያለቀስኩ ነበር» አለች፤ «ምን ብሎ እንደመረቀኝ አንድም ቃል አልሰማሁም።»

ይሄን የሰማ ሰው እንዴት ይቀልዳል? ከጥግ ሆኜ የምሰማው እኔ እንኳን የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ።

ሰሚራ ፊልሙን ከፈተች። ጭፈራው አለፈ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ አባ ዝናብ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊልሙ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጭራሽ ዲስክ የሚባል አላውቅም አለ። አጥፍታ አሳርፋ ስትከፍተው ተመለሰ፤ ትንሽ ሄዶ እዚያው ጋ ተሰወረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዲስክ ግን ሲሞቀው ይለቃል። ሌላ ቅጂ የለም፤ ከአዲስ አበባ ያስላከችው አዲሱ ዲስክ ገና ትናንት ነበር የደረሰው። ፈቲያን ነገ ነይ ብላ ሸኘቻትና ሣጥኑን ከነልብሱ ከጠረጴዛው ስር ጎትታ አወጣችው።

«ኤሱማ፣ ማሎ እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉ» አለችኝ። የእናት ወንድም እኛ ጋ ኤሱማ ነው፤ ማሎ ደግሞ እባክዎ።

ነካሁት። ከምድጃ የወጣ ድንች ነው! ይሄ ልጅ ትኩሳት ይዞታል፣ ሐኪም ቤት ይሂድ አልኳት። አልሳቀችም። ሰሚራ በኔ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ውስጡን እያሳየች አስረዳችኝ። ከፊት አንድ ማራገቢያ ነፋስ ይስባል፣ ከኋላ ሌላው የሞቀውን ያስወጣል፤ ዲስኮቹ መሐል ላይ ሆነው ይቀዘቅዛሉ። እንዲህ መሆን ነበረበት። ሶፍት በቀጭኑ ቀደደችና ከፊት ያዘችው፤ ሶፍቱ እንደ ሰነፍ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ሶፍቱን መሳብ ያቃተው ማራገቢያ ጥርሱ መሐል ቀይ የቬልቬት ብናኝ ተጠቅጥቋል። ዲስኮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል፣ ሽቦው ደግሞ የወፍ ጎጆ መስሎ መንገዱን ዘግቷል።

«ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ከምረው ቢተዉት ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ቡና ማድረቅ ሥራዬ ነው። ይግላል፣ ይሸታል አልኳት። በቃ፣ እሱ ነው አለች። ልጅቷ ለኔ ስትል ኮምፒውተርን ወደ ቡና ተረጎመችው፤ እንዲህ ያለ አስተማሪ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጠባብ በር በጎኔም ቢሆን እገባ ነበር።

ብናኙን ጠረገች፣ አንዱን ዲስክ ወደ ታች አውርዳ መሐሉን ባዶ አደረገች፣ ሽቦውን በፀጉር ማስያዣዋ ሰብስባ ወደ ጎን አሰረች። ቬልቬቱ ግን እዚያው ነው። እናቴን ማን ይንገራት አለች። እኔ ምን ሠራሁ? ደረቴን ነፋሁና እኔ አለሁልሽ ብዬ ወጣሁ።

ዘይነባ ቤት ስደርስ ጨጨብሳ ቀርቧል። ባዶ ሆድ ክፉ ወሬ አይናገርም ብዬ በላሁ። ጠግቤ ደግሞ እንዴት ላስቀይማት? ስለ ልብሱ አንስቼ፣ ቀለሙን አመስግኜ፣ ዘርፉን አድንቄ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ልገባ ስል ደስ ብሏት ተነሳችና ለስክሪኑም የሚሆን ሁለተኛ ቬልቬት አሸከመችኝ። ታጥቦ ጭቃ። ሰሚራ ፌስታሉን ከፍታ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ያን ቀን ያ ዲስክ ብቻ አልነበረም የጋለው።

ደግነቱ ዘይነባ ራሷ ተከትላኝ መጣች፣ ስክሪኑ ልብሱን ሲለካ ልታይ። ሰሚራ አንድም ነገር ሳትናገር እጇን ይዛ ዲስኩ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ የአባ ዝናብ ዱዓ እዚህ ውስጥ ነው። ትንፋሽ አጥሮት ነው።»

ዘይነባ ጠረጴዛው ላይ የተጠራቀመውን ቀይ ብናኝ በሁለት ጣቷ አንስታ አሸችው። የራሷን ጨርቅ ታውቃለች። እኔ አፌን ስከፍት ዞር ብላ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

«ካወለቅነውስ አቧራውን ምን ልታደርጊው ነው?» አለች በመጨረሻ።

ሰሚራ ዞራ ወደ ክፍቱ በር አየች። እውነት ነው፤ የገበያውን አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዘይነባ አሰበች አሰበችና ወደኔ ዞረች፤ ቡና ከምታሰጣበት አልጋ ትርፍ መረብ የለህም ወይ አለችኝ። ሮጥኩ። እኔ ስሮጥ ያየ የሰፈር ሰው እሳት የተነሳ መስሎት ተከተለኝ።

መረቡን ሰፍታ ምን እንዳደረገችው ልንገራችሁ? ዓይነ ርግብ! ፊቱ ላይ ብቻ፣ ስስ፣ ጀርባውና ጎኑ ክፍት። ማሻአላህዋን ከቬልቬቱ ቆርጣ ከመረቡ ጫፍ ላይ ሰፋቻት፤ በዚህ አልደራደርም አለች። ሰሚራ ሣጥኑን ገጥማ ከግድግዳው አርቃ አቆመችውና ሶፍቷን ያዘች። ከፊት መረቡ ላይ ልጥፍ! ከኋላ እንደ ባንዲራ ውልብልብ! ዱዓውን ፈቲያ ቀድማ ትስማው ብላ ፊልሙን ድምፁን ዘግታ ከፈተችው፤ ዲስኩ ሳይግል አባ ዝናብን አልፎ እስከ ሰርጉ ማብቂያ ሄደ፣ ወዲያው በአዲሱ ዲስክ ላይ ተገለበጠ። የእናትና የልጅን እጅ ባንድ ጠረጴዛ ላይ አየሁና፣ ይሄ ቤተሰብ የኔ ነው አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አላፊ አግዳሚውም ሰምቷል።

በማግስቱ ፈቲያን ከማመላለስ ብለን፣ ደውለንላት ቪዲዮውን ይዘን ሰኮሩ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አወራሁ። መኪናው ሰኮሩ ሲደርስ ሹፌሩም ረዳቱም ነፋስ ከፊት ገብቶ ከኋላ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ እንኳን መስኮቱን ስትከፍት «የኋላውንም ክፈቱ» ብላለች።

እነ ፈቲያ ቤት ሰው ሞልቷል። እኛን ለመቀበል ምግብም ቀርቧል፤ እኔ ለአክብሮት ያህል ጀመርኩ። ፊልሙ ተከፈተ። አባ ዝናብ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፈቲያ ትንፋሿን ያዘች፣ እኔም ያዝኩ። አልተቋረጠም። የተናገረው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ሳመጣው ጨው ይጎድለዋል፦ ልጄ፣ ቤትሽ በር ይኑረው፣ በሩም አይዘጋ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሰላም ይሁን፣ ሳቅሽን ከኔ ቤት ይዘሽው ሂጂ። ፈቲያ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ቃል ሰማችው።

ያለቀ መስሎን ነበር። ሰውዬው ግን እጁን እንደዘረጋ ድንገት ወደኋላ ዞር አለ። ከኋላው፣ ጥግ ላይ፣ ሳህን አቅፌ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሥጋው ላይ ስለነበርኩ እኔም አንድ ቃል አልሰማሁም።

«ይሄን ከጀርባዬ የሚያላምጠውን ሰውዬ ደግሞ፣ ያ ረቢ፣ ወይ ጥጋብ ስጠው፣ ወይ ሰርግ አትንሳው።»

ፊልሙ ውስጥ ያሉት አሚን አሉ። ቤቱ ውስጥ ያሉትም አሚን አሉ። ፈቲያ እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች፣ መልሱልኝ አለች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ሞቶም አሸነፈኝ፤ ምን ልመልስለት?

አሚን ልል ፈልጌ ነበር። አፌ ሞልቶ ነበር።