ጋሽ ዳና ጨው ሲተዉ

ምግቡን ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ደርግ በወደቀ ሰሞን የአርባ ምንጩ ጎረቤቴ ጋሽ ዳና የአባያን ዓሣ የሚበሉት እንዲያ ነበር። አንድ ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲቆርጡ ራሳቸውን አዞራቸውና ወደቁ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል።

«ጨው ይተዉ» አለቻቸው ነርሷ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በልቼው ምን አደረገኝ?»

«ያኔ ኩላሊትዎ ቶሎ ያስወጣው፣ ደም ሥርዎም ይለጠጥ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ያው ጨው ግፊት ይጨምራል።»

ይህን ሰምቶ የሚተው ስንቱ ነው? እሳቸው ግን የዚያኑ ዕለት ተዉ። ፊታቸውን እያጨማደዱ በሉ እንጂ አልተመለሱበትም።

ሰንብተው ምሳ ጋበዙኝ። የባለቤታቸው የወይዘሮ አስቴር ዓሣም ጨው አልነካውም።

«እርስዎ ግፊት የለብዎትም፣ ምነው?» አልኳቸው።

«እሱ ያለ ጨው እየበላ፣ የእኔ ጉሮሮ ይውጥልኛል?» አሉኝ።