የክቡር ከርከሮ መልእክት

እንስሳት አፍ ባወጡበት ዘመን አይደለም፤ አፍ አውጥተው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ክብ ማኅተም ካስቀረጹ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ትልቅ ደን ዳር፣ ጥቁር ገደል በሚሉት ቦታ፣ አንዲት ሰስ ነበረች። ሰስ ያው ገደል ላይ የምትኖረዋ ሚዳቋ ናት። እሷን ሰሲት ይሏታል። ሰኮናዋ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ድንጋይ ላይ ስትቆም የተለጠፈች እንጂ የቆመች የማትመስል።

ሥራዋ እንግዳ መምራት ነው። ከቆላ ለሽርሽር የሚመጣውን ሁሉ መንገዱ መነሻ ላይ ካለው ሾላ ሥር ትቀበልና፣ በገደሉ ወገብ አዙራ ፏፏቴው ድረስ አውርዳ፣ ውሃ አራጭታ፣ አሳስቃ ትመልሰዋለች። መንገዱን በሰኮናዋ ፍቃ ፍቃ ያወጣችው እናቷ ናት። ሰሲት ከእናቷ ኋላ እየተከተለች ነው የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ የትኛው እንደሚያንሸራትት የለየችው። ሌላ ቅርስ የላትም።

የደኑ ደንብ ግን አንድ ክፉ አንቀጽ ነበረው። ሁለት በጋ ሙሉ እንግዳ ያልረገጠው መንገድ ለሥር ቆፋሪዎች ይሰጣል ይላል። ባለፈው በጋ ደግሞ አንድ እንግዳ እንኳ ዝር አላለም። ለምን ቢባል፣ ከሸለቆው ማዶ ያሉት ዝንጀሮዎች ዌብሳይት አሠርተው እንግዳውን ሁሉ ጠራርገው ወሰዱት። ሥር ቆፋሪዎቹስ እነማን መሰሏችሁ? የማኅበሩ ሊቀመንበር የከርከሮ የእህት ልጆች ናቸዋ። ገና ዝናቡ ሳያባራ ገደሉ አፋፍ ላይ እየመጡ አፈሩን ያሸታሉ። ሰሲትን ሲያዩ ደግሞ ጎንበስ ብለው "እንደምን አደርሽ እትዬ" ይሏታል። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሰሲት ማኅበሩን ስትወተውት ከረመች። እኛም ዌብሳይት እናሠራ፣ አለበለዚያ መንገዱ አለቀለት፣ እያለች። በመጨረሻ ይሁን ተባለና ጉሬዛ ከከተማ ተጠራ። ጉሬዛ ያችን ጥቁርና ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣ። ሙያውን የሚያውቅ ልጅ ነው፣ አይታማም። ስብሰባው እንደተከፈተ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው?

ሁሉም ወደ ሰሲት ዞሩ። ከተሰበሰቡት ውስጥ እንግዳ አግኝቶ የሚያውቅ ከሰሲት በቀር የለማ። እሷም ተነሥታ ተናገረች። የት እንገናኝ ይላሉ። ስንት ሰዓት ያስኬዳል ይላሉ። ለልጆች ይሆናል ወይ ይላሉ፣ ከሁሉም በላይ እሱን። ዝናብ ከመጣስ ይላሉ። በቃ ይቺው ናት። ጉሬዛ ጽፎ ሲጨርስ ፊቱ በራ። አንድ ጥሩ የፏፏቴ ፎቶ እንጨምርበትና አለቀ እኮ፣ ለምሳ ቤቴ እገባለሁ ብሎ ላፕቶፑን ሊከድን ሲል፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ኤሊ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"የክቡር ሊቀመንበሩ መልእክትስ?" አለ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። መልእክት ከገባ ፎቶ መግባት አለበት ተባለ። ፎቶ ከገባ ራዕይ መግባት አለበት፣ ራዕይ ያለ ተልዕኮ አያምርም፣ ተልዕኮ ያለ እሴት ባዶ ነው። እሴቶቹ አሥራ አራት ሆኑ። ከአሥራ አራቱ አንዱ ቅልጥፍና ነበር፤ ያስገባው ኤሊ ነው። ሁሉንም አርቅቆ፣ አይቶ፣ ማኅተም እስኪመታበት ሁለት ወር ፈጀ።

ከርከሮም ፎቶ ሊነሣ ፏፏቴው ፊት ቆመ። በሸንተረሩ አዙረው በታችኛው ሜዳ በኩል ነው ያመጡት፣ በገደሉ መንገድማ ከየት ተችሎት። ሰፊ ነውና ፏፏቴውን ከነዓለቱ ሸፈነው፤ ከጆሮዎቹ ጎን ትንሽ ጭጋግ ነገር ብቻ ቀረ። ጉሬዛ እንደ ምንም ብሎ ትንሽ ወደ ግራ ይጠጉልን ቢለው፣ ኤሊ በዓይኑ ገላመጠው። ልጁ ከዚያ በኋላ የታዘዘውን መሥራት ጀመረ። የሰሲት አራት ነገሮችስ? ገጹን ስለሚያጨናንቁ በቀጣይ ምዕራፍ ይታያሉ ተባለ።

የምረቃው ቀን ላፕቶፑን በሪባን ጠፍረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከርከሮ በጥርሱ ሪባኑን በጠሰው፣ ተጨበጨበ። ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም፤ ባዶ ስክሪን ላይ ነው ያጨበጨቡት። ጭብጨባው ግን አላነሰም።

ከዚያ ሰሲት መጠበቅ ጀመረች። ሾላው ሥር ትወጣለች፣ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ኅዳር ገባ፣ ኅዳር ወጣ። አንድ ጠዋት ስትሄድ የእህት ልጆቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ችካል ይተክላሉ። ምንድን ነው ብትላቸው፣ እንዲያው ቦታው እንዳይጠፋን ነው እትዬ፣ በጋው እስኪያልቅ አንነካውም አሏት።

ሰሲት ያን ቀን ቤቷ አልተመለሰችም። ገደሉን ተንደርድራ ወርዳ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ቆላ እመት ሰጎን ዘንድ ደረሰች። እመት ሰጎን የጥንት ደንበኛ ናት፤ በየዓመቱ ስትመጣ ነው የኖረችው። ሰሲት አላድበሰበሰችም፣ ለምን ቀራችሁ አለቻት።

"ስልኬን እዪው እንግዲህ፤" አለች እመት ሰጎን። "አሥራ አንድ ጫጩት ነው ያለኝ፤ የፈለግሁትም አንድ ነገር ነው፣ ለልጆች ይሆናል ወይ። ስከፍተው ፎቶ ነው። የኛ አገር ኔትወርክ ደግሞ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ጆሮ መጣ። ቆይቶ ዓይን መጣ። ከዚያ ጥርሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ልጆቼ ያን ጥርስ አይተው ግማሽ ቀን ከክንፌ ሥር አልወጡም።"

"ከፎቶው በታችስ?"

"ገፋሁት እንጂ። ራዕይ አገኘሁ፣ ተልዕኮ አገኘሁ፣ ችግኝ ሲተክል አገኘሁት፣ ሰርተፊኬት ሲቀበል አገኘሁት። ስገፋ ስገፋ መጨረሻው ላይ 'እንኳን ደህና መጡ' ይላል። የት ነው የመጣሁት ሰሲትዬ? ዝንጀሮዎቹ አስቀያሚ ናቸው፣ ግን የት እንደምንገናኝ ይናገራሉ።"

ሰሲት ተሰናብታ መንገድ ጀመረች። ሁለቱን ቀን ስትመለስ እያሰላሰለች ነው። መልእክቱን አውጡ ብትል አይወጣም። የሷን ነገር አስገቡ ብትል ቀጣይ ምዕራፍ ነው። ታዲያ እዚያ ገጽ ላይ ማንም የማይነካው፣ ማንም የማይሰርዘው አንድ ቦታ የቱ ነው? የሊቀመንበሩ መልእክት።

ደጁ ደርሳ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ከርከሮ ፊት እጅ ነሣች። ክቡርነትዎ፣ ቆላ ወርጄ ነበር፣ የሚወራው ስለርስዎ ብቻ ነው አለችው። ውሸትም አይደል። ችግሩ ግን፣ አለች፣ ፎቶው በጣም ከመግዘፉ የተነሣ ቃልዎ ወደ ኋላ እየቀረ ነው፤ ሕዝቡ ድምፅዎን ተርቧል።

ከርከሮ ጆሮውን አቆመ። "ፎቶው ይነሣ ልትዪ ነው?"

"ኧረ በጭራሽ። ማኅተሙ ላይ ያለው ምስልዎ ግን የባቄላ ፍሬ አይሞላም፣ ክቡርነትዎ፤ አገሩ ሁሉ የሚንቀጠቀጠው ለሱ ነው።"

ከርከሮ ይሄን ሲሰማ ደስ አለው፣ ፎቶው የማኅተም ያህል ይሁን ብሎ ወሰነ። ከዚያ ለመልእክቱ ያዘጋጀችውን አነበበችለት። ሰሲት ሾላው ሥር ትቀበላችኋለች ከሚለው ላይ ስትደርስ ግን አስቆማት። የማነው መልእክቱ? የኔ አይደለም ወይ? ብሎ፣ ሰሲት የሚለውን ሁሉ በገዛ እጁ እየሰረዘ እኔ፣ እኔ፣ እኔ ብሎ ሞላው። ሰሲት ጣጣው ታይቷታል። ግን ችካሉም ታይቷታል። የተሰረዘውን ይዛ ወደ ጉሬዛ ሮጠች።

ጉሬዛ ያንኑ ቀን ለጠፈው። "ውድ እንግዶቼ፤ እኔ ከርከሮ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሾላው ሥር እጠብቃችኋለሁ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በእግሩ ለቆመ ጫጩት ሁሉ ይሆናል፤ ጠባቧ መተላለፊያ ላይ ስንደርስ እኔ በገደሉ በኩል ቆሜ አሳልፋችኋለሁ። ከላይ ዝናብ ካለ ወንዙ አያሻግርምና እመልሳችኋለሁ።"

ሳምንት አልሞላም፣ ሾላው ሥር መቆሚያ ጠፋ። የሜዳ ፍየሎች ከነዘመዶቻቸው፣ ቆቆች በመንጋ፣ እመት ሰጎን ከነአሥራ አንዱ። ሰሲት እየሮጠች ስትቀበላቸው አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላዋ ያያሉ። የታል ከርከሮ? ራሴ እጠብቃለሁ ብሏል እኮ። ተላከበትና መጣ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነው የመጣው፤ ሕዝብ ሲያይ መቼ ይችላል። ጭራውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጎ ፊት ፊት ቀደመ። እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ስለ እሴቶቹ እየተናገረ ሄደ። ስምንተኛው እሴት ላይ ሲደርስ ጠባቧ መተላለፊያ መጣች።

ከታች ፏፏቴው ያጓራል። መንገዷ አንድ ክንድ ናት። እመት ሰጎን ልጆቿን አሰለፈችና ክቡር ሆይ፣ በገደሉ በኩል እርስዎ ነዎት፣ ተጽፏል አለችው። ከርከሮ ወደ ታች አንድ ጊዜ አየ። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ እንዳለበት ትዝ አለው። መዞሪያ ቦታ ደግሞ የለም። ቂጡን አስቀድሞ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ፣ እንግዳው ሁሉ ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ እያሳለፈው፣ እስከ ሾላው ድረስ እንደዚያው ሄደ።

ሰሲት ወጥታ በገደሉ በኩል ቆመች። ጎኗን አጥር አድርጋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ጫጩቶቹን አሳለፈች። አሥረኛው መሐል ላይ ፈርቶ ቁጭ አለ፤ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ብላ አሳቀችውና ተነሣ። ያን ቀን ከፏፏቴው የመጣው ሳቅ አፋፉ ላይ ይሰማ ነበር።

መንገዱ ተረገጠ። የእህት ልጆቹ ችካላቸውን ነቅለው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ እትዬ ብለዋት አያውቁም።

በጥር ማኅበሩ ለግምገማ ተቀመጠ። ኤሊ ሪፖርቱን አነበበ፤ እንግዳው የጎረፈው በክቡር ሊቀመንበሩ መልእክት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል ይላል። ለዚህም ውለታ መንገዱ ከዛሬ ጀምሮ የከርከሮ መንገድ ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እንግዶች ለሰሲት የላኩት ምስጋና ሁሉ የሊቀመንበሩ መልእክት ሥር ተለጠፈ፣ እሷ የሚለው እሱ እየተባለ። ከርከሮ ፎቶው ወደ ቀድሞው መጠኑ እንዲመለስ ቢጠይቅ፣ ያም ተፈቀደ።

ጉሬዛ ፎቶውን ሲያሳድግ ውሎ፣ ሕሊናው አላስቀምጠው ሲል ላፕቶፑን ይዞ ሰሲት ዘንድ ወጣ። አፋፉ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

"እትዬ ሰሲት፣ ማንም ሳያየኝ ያንቺንም ስም የሆነ ቦታ ላስገባው፤ የት ይሁን?" አላት።

ሰሲት ላፕቶፑን ተቀብላ ገጹን ከላይ እስከ ታች ገፋችው። ጆሮውን አለፈች፣ ጥርሱን አለፈች፣ ራዕዩን፣ አሥራ አራቱን እሴት አለፈች። 'እንኳን ደህና መጡ'ንም አልፋ ግርጌው ላይ ቆመች።

"እዚች ጋ፣ 'ቅሬታ ካለዎት' የሚለው ሥር አስገባኝ፤" አለችው። "ይሄን ቦታ የሚሻማኝ የለም።"