የተዛዋሪ ውሻ

የመንግሥት ሠራተኛ ሲዛወር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ በአብዮቱ ዘመን ጂንካ መኖር ነበረባችሁ። ወደ እኛ የተመደበ ሰው ሲመጣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ ነው። ሲሄድ ግን ጉድ ነው! አልጋው ይጫናል፣ ቁም ሳጥኑ ይጫናል፣ ማሩ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ይጫናል፣ ለወዳጅ ዘመድ ማስታወሻ የሚሆን የሐመር በርኩማ በጆንያ ይጫናል፣ ዶሮዎቹ እግራቸው ተጠፍሮ ከላይ ይንጫጫሉ። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ሳይቀር ፈትቶ ጠቅልሎ የወሰደ ሰው አውቃለሁ። የሚተወው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሻውን።

እኔን እርር ድብን የሚያደርገኝ ይሄ ነው። ሽቦ ወስዶ ውሻ የሚተው ሰው! ስትጠይቋቸው "ውሻ መቼም የትም ወድቆ ይኖራል" ይላሉ። አዎ ይኖራል፤ እኛ ደጅ ወድቆ። መጀመሪያ የተዘጋው በር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ይራባል፣ ቀጥሎ የሰው ዶሮ ይነጥቃል። ክትባት የሚባል ነገር በዞረበት አልዞረምና አንዱን ልጅ የነከሰ ቀን እናት ደረቷን ትደቃለች። በመጨረሻ አንድ ማለዳ መርዝ የገባበት ሥጋ ይጣልለትና ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። አሳዳጊው በዚያች ሰዓት ሌላ አገር፣ ሌላ ስብሰባ ላይ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው ከአውሮፕላን ሜዳው ጠርዝ ነው። ጂንካን ለማታውቁ፣ ሜዳው ከከተማው ውጭ አይደለም፤ ከተማዋ ናት ዙሪያውን ከባው የተቀመጠችው። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ኳስ ይጫወትበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ፊሽካ ይነፋና ሰውም ከብቱም ጥርግ ይላል። ከዚህ ሜዳ ዳር፣ ከእኔ አጥር ቀጥሎ፣ ጓድ ተካልኝ የሚባሉ ሹም ይኖሩ ነበር። "እሳቸው" ማለቴን እንዳትታዘቡኝ፤ አክብሮት ሳይሆን ልማድ ነው።

ጓድ ተካልኝ መብረቅ የሚሉት ውሻ ነበራቸው። ስም አወጣጡ ላይ አልተሳሳቱም። ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ ለአንድ ደቂቃ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ጠዋትና ማታ ካልሮጠ የገዛ ጉልበቱ ያሳብደዋል። እሳቸው ግን አቮካዶው ሥር በአንዲት አጭር ሰንሰለት አስረው ያውሉታል። "የታሰረ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል" ይሉኛል ደግሞ! የታሰረ ውሻ የሚሆነው እብድ ነው፤ እሳቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ቢያስሯቸው ምን እንደሚሆኑ ባየሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ "ጓዶች፣ ኃላፊነት ማለት..." ብለው ከጀመሩ ምሳ ሰዓት ያልፋል። መብረቅ ውሃው ተደፍቶበት ሲያላዝን የምሰማው ግን እኔ ነበርኩ።

ዝውውራቸው ወደ አርባ ምንጭ ወጣ። ዕቃው በጭነት መኪና ሄደ፣ ቤተሰቡ በአውሮፕላን። ውሻው ታስሮ ቀረ። ጩኸቱ አላስችል ብሎኝ አጥር ዘልዬ የፈታሁት እኔው ነኝ። ነፋስ ሆኖ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ትንሿ ልጃቸው የአውሮፕላኑን ደረጃ ስትወጣ አያት። በሩ ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ ተነሳ፣ መብረቅ እስከ ሜዳው ጫፍ ተከትሎ ሮጦ ቀና ብሎ ሲያይ ቀረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ፊሽካውን ከሁላችን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ሰው ሲሸሽ እሱ ይገባል። ጎማውን እየተከተለ ሮጦ፣ በሩ ሲከፈት የሚወርደውን መንገደኛ አንድ በአንድ ያሸታል። ልጅቷ የለችም። የሜዳው ዘበኞች ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ በድንጋይ ያባርሩታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይመለሳል። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ሊያርፍ መሬት ሊነካ ሲል መብረቅ ፊቱ ላይ ድቅን አለና ፓይለቱ እንደገና ወደ ላይ አነሳው። ሰማይ ላይ ሲዞር ልባችን ቆመ። ሰዎች ነበሩ እኮ ውስጡ!

ከቀበሌ ትእዛዝ ወጣ። ባለቤት ያለው ውሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመዝገብ፣ ይታሰር፤ ባለቤት የሌለው በመርዝ ይወገድ።

"ይሄ ባለቤት አለው!" ብዬ ጮህኩ። "ባለቤቱ አርባ ምንጭ ተቀምጧል!"

ባለቤቴ አበበች ከጓሮ ሰምታኝ፣ "ታዲያ አንተ አስመዝግበውና ይለፍልህ" አለችኝ።

"እኔ? እሳቸው ሽቦ ጠቅልለው ሄደው እኔ ውሻ ላሳድግላቸው? በጭራሽ!"

ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው ያስነሳኝ። ጨርቅ ለመግዛት አርባ ምንጭ መሄዴ አይቀርም፤ ውሻቸውን ደጃፋቸው ድረስ ወስጄ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "ይኸውልዎ ኃላፊነትዎ!" ልላቸው ቆረጥኩ። ንግግሬን ስፌት ላይ ሆኜ ደጋግሜ አጠናሁት። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ጠዋት ደግሞ መንገድ ነው ብዬ መብረቅን ገንፎና አጥንት እስኪጠግብ አበላሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ?

የጭነት መኪናው ሹፌር፣ "ጋሼ፣ ጋቢና ውስጥ ውሻ አላስገባም፤ ከላይ ጭነቱ ላይ አጥብቀህ እሰረው" አለኝ። አሰርኩት። እንዴት እንዳሰርኩት ስሙ። አንገቱን፣ በቃጫ ገመድ፣ እንዲንቀሳቀስ ብዬ ረዘም አድርጌ፣ ከመኪናው ጎን ብረት ጋር። ውሃ አልያዝኩም።

ቀይ አፈር ከተማ ሳንደርስ መብረቅ ያን ሁሉ ገንፎ የአንድ አስተማሪ ጫማ ላይ መለሰው። ከብት ባየ ቁጥር ወዲህ ይዘላል፣ ወፍ ባየ ቁጥር ወዲያ፤ ገመዱ የሰው እግር ይጠላልፋል። "ሰው ቆሞ ውሻ ሊንደላቀቅ ነው እንዴ!" ይላል አንዱ። "የማን አበሳ ነው?" ይላል ሌላው። እኔ ደግሞ ለሁሉም ያው መልስ ነበረኝ፦ "የእኔ አይደለም!"

ቀይ አፈር ላይ አንድ የበና ሽማግሌ ተሳፈረ። ውሃ የሞላ ቅልና በትር ይዟል፤ ወይጦ ነው የሚወርደው። መብረቅን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ። ለሱ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ በንግግሩ "አንቱ" የለም።

"ውሻ ያንተ ነው?"

"አይደለም። አርባ ምንጭ ያለ ሰው ነው ባለቤቱ።"

"ሰውዬው የት አለ?"

"አርባ ምንጭ አልኩህ እኮ!"

ወደ ወይጦ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ከመታጠፊያው ስንወጣ የፍየል መንጋ መንገዱን ሞልቶት ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መብረቅ ፍየሎቹን አየና ከመኪናው ጎን ተወርውሮ ዘለለ። ገመዱ ከጎን ለመዝለል በቂ ነበር፤ መሬት ለመድረስ ግን አልበቃም። ተንጠለጠለ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ገመዱን ወደ ላይ ሳብኩት! እግሮቹ አየር ይቧጭራሉ፣ እኔ እስባለሁ፤ በገዛ እጄ አነቅኩት። ሽማግሌ ያልኳችሁ ሰው እንደ ጎረምሳ ዘሎ ወረደና ውሻውን ከሥር በትከሻው ደግፎ፣ "ቁረጥ! ገመድ ቁረጥ!" ብሎ ጮኸብኝ። መቀሴ ከኪሴ አይለይም፤ ቆረጥኩት። ሁለቱም አብረው ወደቁ።

መብረቅ ምላሱ ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ዝም አለ። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ከላይ አንዱ "ሞቷል፤ ተዉት እንሂድ" አለ። ሽማግሌው ማንንም አልሰማም፤ ጥላ ሥር ጎትቶ አስተኛውና የቅሉን ውሃ ሆዱ ላይ፣ እግሩ ላይ፣ አፉ ላይ ጠብ ጠብ አደረገበት። አጠገቡ ተንበርክኬ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እግዜርን ስለምን ነበር መሰለኝ። ብቻ አንድ ጊዜ አሳለው፤ ከዚያ ጎኑ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ሊያጽናናኝ ነው ስል ሽማግሌው ዞሮ ጮኸብኝ። "አንገት ለምን? አህያ በአንገት ትጭናለህ? ውሃ የለህም፤ ውሻ ይዘህ ቆላ ትወርዳለህ። ውሃዬን ጨረስክ! ልጅ ነህ አንተ?"

"የእኔ አይደለም አልኩህ እኮ..."

"ያ ሰው አንተ ላይ ጣለ። አንተ ሄደህ እሱ ላይ ትጥላለህ። አንድ ናችሁ።"

ደሜ ፈላ። እኔና ጓድ ተካልኝ አንድ? እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ የተንከራተትኩት ሰውዬ? ልመልስለት ስል ዓይኔ መብረቅ ላይ አረፈ። አንገቱ ላይ የገመዱ ሰንበር እንደ ቀይ ክር ይታያል። ያንን የሠራው ጓድ ተካልኝ አልነበረም።

ወይጦ መኪናው ሲቆም ከጭነቱ ሸራ ላይ የተቀደደ ቁራጭ ለመንኩ፣ የጆንያ መርፌዬን አወጣሁና የደረት ማሰሪያ ሰፋሁ፤ በደረቱና በብብቱ ሥር ዞሮ ጀርባው ላይ የሚቋጠር። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጎትቶ ሞከረው፣ ራሱን ነቀነቀና ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ መብረቅን ጭነቱ መሀል፣ ከመኪናው ጎን በማይደርስ አጭር ገመድ አሰርኩት። መኪናው በቆመ ቁጥር ይዤው ወርጄ አብሬው እሮጣለሁ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣዋለሁ፣ ምግብ ከማታ በፊት አልሰጠውም። ኮንሶ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቴን አገላብጦ "የውሻውስ ይለፍ?" ሲለኝ እንኳ አልጮህኩም። በነጋታው አርባ ምንጭ ገባን።

የጓድ ተካልኝን በር ሳንኳኳ ከውስጥ ውሻ ጮኸ። ቡችላ ነው፤ ግቢው ውስጥ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። ትንሿ ልጅ መብረቅን ስታይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እሱም እንደ ሕፃን እየተነፋረቀ ፊቷን ላሳት። ጓድ ተካልኝ ወጡና እቅፍ አደረጉኝ። "ታዬ! እንዴት ያለህ ኃላፊነት የሚሰማህ ሰው ነህ!"

"ቡችላውስ?" አልኩ።

"ልጅቷ ስታስቸግረን ሌላ አመጣንላት።"

ያን ሁሉ ያጠናሁት ንግግር በልጅቷ ፊት አልወጣ አለኝ። ውሃ ጠጣሁ፣ "ደህና ይሁኑ" አልኩ፣ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቀለል አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ታጥቤ እንደወጣሁ ነው የቆጠርኩት።

ጨርቄን ገዝቼ በሦስተኛው ቀን ወደ ጂንካ የሚመለሰው መኪና ላይ ልወጣ ስል አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ጓድ ተካልኝ ናቸው። በግራ እጃቸው መብረቅን፣ በቀኝ ቡችላውን ይዘዋል። መብረቅ የሰፋሁለትን ማሰሪያ እንደለበሰ ነው፤ ቡችላው አንገቱን በልብስ ማስጫ ሽቦ ታስሯል። ያንን ሽቦ ሳየው ዓይኔ ጨለመ።

"ታዬ፣ ሁለቱ አልተስማሙም። ትንሹም ቀበጥባጣ ወጣው። ደግሞ ለእኔም ዝውውር እየተባለ ነው፤ የት እንደምመደብ አይታወቅም። መቼም አንተ ውሻ ወዳድ ነህ" አሉና ሁለቱንም ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገውኝ ሄዱ። ወይ ካፈርኩ አይመልሰኝ! ንግግሬ እስኪመጣልኝ ድረስ ከሕዝቡ መሀል ጠፍተዋል።

ቆምኩ። መናኸሪያው ሰፊ ነው፤ ሁለት ውሻ ለቅቆ መኪና ላይ መውጣት ቀላል ነገር ነው። ማንም አይወቅሰኝም፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው። ተሳፋሪው ውጣ እያለ ይጮህብኛል። ጥርሴን ነክሼ፣ የምሰድበውን ሁሉ ሰድቤ፣ ጓድ ተካልኝን ሰድቤ፣ ያንን የበና ሽማግሌ ጭምር ሰድቤ፣ አዲስ ከገዛሁት ሸራ ላይ ቀደድኩና ሽቦውን ፈትቼ ለቡችላው ሌላ ማሰሪያ ሰፋሁለት።

ጂንካ በገባሁ ማግስት፣ የምዝገባው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁለቱንም ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሰው ተሰልፏል። ጸሐፊው ለጓድ ተካልኝ ውሻ መንገድ መሄዴን ከተማው ሁሉ እንደሰማ እሱም ሰምቷል። መብረቅን አየ፣ ቡችላውን አየ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ለመያዝ ታገለ።

"ጋሽ ታዬ፣ የሁለቱ ባለቤት ማን ይባላል?"

"እኔ ነኝ!" አልኩ፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮኼ። "እኔ ነኝ ባለቤታቸው! ምን ያስገለፍጥሃል? ጻፍ!"