ሚስተር ሲንግ ብድግ ሲሉ

«ባጭሩ ልናገር» ብሎ የሚነሣ ሐበሻ ካያችሁ ወንበራችሁን አመቻቹ፤ ምሳ ማለፉ ነው። ወደ ሜልቦርን ስንመጣ ሻንጣችንን መዘኑብን እንጂ ንግግራችንን ማን መዘነው?

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ታደሰ አምስት ዓመት ሙሉ «ባጭሩ» ሲናገሩ ኖረዋል። ይህንንስ እችለው ነበር። ግን ካርልተን ሰፈር ያለውን የማኅበሩን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ነጥቀው ለካርታ ጓደኞቻቸው ሰጡ። ልጄ በእንግሊዝኛ ብቻ ትመልስልኛለች፣ እሳቸው ኮንከር ይጫወታሉ! በመጪው የማኅበሩ ምርጫ መውረድ አለባቸው አልኩ።

የምርጫውን ስብሰባ ማን ይምራ? ሐበሻ ከሆነ ወይ የእሳቸው ወገን ነው ወይ የእኔ። ያራቪል ሰፈር አጥር የምንጋራው ሚስተር ሲንግ ትዝ አሉኝ፤ ባለ ሰማያዊ ጥምጣም፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ የሲክ ሽማግሌ። ዛሬ የልጃቸውን ቲማቲም ያጠጣሉ እንጂ፣ ሕንድ አገር የመንደር አስተማሪ፣ ከዚያ የሕዝብ ተወካይ፣ ለሦስት ወር ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የክልላቸው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። ሌላውን ዝም ለማሰኘት ደመወዝ ሲበሉ የኖሩ ሰው! የገዛ አማቻቸውን እንኳ ሥርዓት አፈረስክ ብለው ከጉባኤ አስወጥተው፣ ባለቤታቸው አንድ ወር አኩርፈዋቸዋል። ታዲያ ይቅርታ ጠየቁ ወይ ብላቸው፣ አፈ ጉባኤ አንዴ የወሰነውን አይሽርም አሉኝ። ወደድኳቸው።

እሑድ ይዣቸው ሄድኩ፤ አስተርጓሚያቸው እኔ። ጋሼ ታደሰ ገና ሲያዩዋቸው፣ «አንቺ ደግሞ ዳኛ ከሕንድ ታስመጪ ጀመር?» ብለው አሾፉብኝ። ቢያንስ ካርታ አይጫወቱም አልኳቸው።

ጭቅጭቁ ሲጦፍ ሚስተር ሲንግ ብድግ አሉ። በእሳቸው ምክር ቤት አፈ ጉባኤው ከቆመ ሁሉም ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ እንዳለ ተነሣ። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ አባቴ!» የሚለው ጫጫታም ተጨመረ። ተቀመጡ፤ ተቀመጥን፤ ጭቅጭቁ ቀጠለ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን በሐሳቤ ጋሼ ታደሰን እየሸኘሁ ነበር።

ወደ ድምፅ መስጠቱ ተደረሰ። ጋሼ ታደሰ ይቀጥሉ የምትሉ ተነሡ፣ ይውረዱ የምትሉ ተቀመጡ፤ ብለው ሚስተር ሲንግ በእኔ አፍ አስነገሩ። የተነሡት ሰባት ካርተኞች ብቻ! ልቤ ጨፈረ። ሚስተር ሲንግ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ሊቆጥሩ ብድግ አሉ።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ።

በሙሉ ድምፅ፣ አሉ ሚስተር ሲንግ፤ በሠላሳ ዓመት የፖለቲካ ሕይወታቸው እንዲህ ያለ አንድነት አይተው አያውቁም። ለእርስዎ ክብር ነው የተነሡት እያልኩ ብለምናቸው፣ አፈ ጉባኤ አንዴ የወሰነውን አይሽርም አሉኝ። ደግሞስ፣ አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ አንቺም ቆመሻል።

ቆሜ ነበር።

ጋሼ ታደሰ «ባጭሩ ላመስግን» ብለው ጀምረዋል። ዞር ስል ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት ነፍስ ብቻ ተቀምጣለች፤ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ። ትራም ላይ፣ ለምንድነው ሁላችሁም የተነሣችሁት ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ስለ ሽማግሌ አከባበር በጥሩ አማርኛ አስረዳኋት።

አንድም አልገባት። እንዴት ይግባት? ቅዳሜ ትምህርት የላት።